የሁዳዴው ፎርማጆ ቀማሽ

ቤቴልና ጅሬኛ ለምን እንደተለያዩ ገርጂ ውስጥ ምክንያት ያልሰጠ ሰው የለም። ሃይማኖት ነው ያሉ አሉ። የአባቷ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃና የእናቱ ሦስት ላሞች አልመጣጠን ብለው ነው ያሉም አሉ። ነገሩ ጨው መሆኑን የሚያውቀው ጅሬኛ ብቻ ነው። እሱም አራት ዓመት ሙሉ ከአሠሪው በቀር ለማንም አልተናገረም። ቢናገርስ ማን ያምነዋል?

አሁን መሰላል ላይ ቆሞ ፕሮቮሎኔ እየሰቀለ ነው። ፕሮቮሎኔ እንደ ቅል ተድበልብሎ፣ አንገቱን በገመድ ታስሮ ከጣሪያ የሚንጠለጠል ፎርማጆ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ሁዳዴ ተጋምሷል፤ ነገ ደብረ ዘይት ነው። በሩ ተከፈተና «እንደምን አደራችሁ» የሚል የሴት ድምፅ ሰማ። ድምፁ የወይዘሮ ትግስት ነበር፤ የቤቴል እናት። ከእሳቸው ኋላ ግን ደፉ ላይ ቆሞ አየሩን በአፍንጫው ወደ ውስጥ የሚስብ ሌላ ሰው አለ። እዚህ ቤት ሲገባ እንደዚያ የሚያደርግ ሰው አንድ ብቻ ነው። በጨው የተዘፈዘፈውን የወይራ ፍሬ፣ በጭስ የደረቀውን ሳላሜ፣ የረጋውን ወተት አንድ ላይ ስባ ካልጨረሰች እግሯን አታነሳም።

ጅሬኛ ዞሮ አላየም። ማየት አላስፈለገውም።

«ጋሽ ዑቕባይ፣» አሉ ወይዘሮ ትግስት፣ «ነገ ከቸርች መልስ ሽማግሌዎች ይመጡብናል። ለቤቲ። የልጁ አባት ሮም የተማሩ ሰው ናቸውና በሚያውቁት ነገር ልቀበላቸው ብዬ ነው።»

«እሰይ!» አሉ የሱቁ ባለቤት አቶ ዑቕባይ። እሰይ ያሉበት ድምፅ ግን የሐዘን ቤት ድምፅ ነበር።

ጅሬኛ የያዘውን ፕሮቮሎኔ ሰቀለው። ወይም የሰቀለው መሰለው። ፎርማጆው መሬት ወርዶ እየተንከባለለ ሄዶ ቤቴል ጫማ ሥር ቆመ። ጎንበስ ብላ አነሳችው፤ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገናኙ። እሱ ከላይ፣ እሷ ከታች። ፀጉሯን አሳጥራለች። ዓይኗ ግን ያው ነው፤ አንድ ነገር ጠይቆ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው።

«ወደቀብህ» አለችው።

«አዎ» አለ። ከአራት ዓመት በኋላ የነገራት የመጀመሪያ ቃል ይህች ናት። ሌሊት ሌሊት ሲያዘጋጃቸው ከነበሩት ቃላት ውስጥ ይህች አልነበረችም።

የአቶ ዑቕባይ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በመለዋወጫ መሸጫና በሙዘሚል ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ መካከል ነው። አቶ ዑቕባይ በወጣትነታቸው አስመራ አንድ ጣሊያን ዘንድ ወተት ማርጋት ተምረው፣ እዚህ መጥተው የከፈቱት ነው። በሩ ላይ «የጣሊያን ግሮሰሪ» ብለው ስላስጻፉ እስከ ዛሬ ሰው እየገባ ድራፍት ያዛል። አይቆጡም። «ድራፍት የለም፣ ወይራ አለ» ይላሉ። አንዳንዱ አፍሮ ወይራ ገዝቶ ይወጣል።

ግድግዳው ላይ ሥጋው የት የት እንደሚቆረጥ የተከፋፈለ የአሳማ ሥዕል አለ። ሱቁ ውስጥ አሳማ ገብቶ አያውቅም፤ ሳላሜውም ሞርታዴላውም የበሬ ነው። ሥዕሉ ግን ያ ጣሊያን የሰጣቸው ማስታወሻ ስለሆነ ማውረድ አልሆነላቸውም። ጭንቅላቱን በባንክ ካላንደር ሸፈኑት።

ሁሉም ነገር የጀመረው ደግሞ በላሞቹ ነው። ላም ኦርቶዶክስ አይደለችም፤ ሁዳዴ ገባ ብላ ወተቷን አታቋርጥም። የጅሬኛ እናት እማማ ደሪቱ ጎሮ ጓሯቸው ውስጥ የሚያልቡትን ወተት በጾም የሚገዛ አልነበረም። አቶ ዑቕባይ ግን ይገዙ ነበር። የሁዳዴን ወተት ፕሮቮሎኔ አድርገው ለፋሲካ ያደርሱታል። ጅሬኛ ወተቱን ሲያመላልስ ሲያመላልስ ሥራውን ተማረና እዚያው ቀረ።

ችግሩ ቅምሻ ነው። ፎርማጆ በጨው ውሃ ውስጥ ተኝቶ ይከርማል፤ በየጊዜው ተቀምሶ ጨው ጠጣ አልጠጣ መባል አለበት። አቶ ዑቕባይ ይጾማሉ። ጅሬኛ ይጾማል። ድሮ ጎረቤታቸው ሙዘሚል ብቅ ብሎ ይቀምስላቸው ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ረመዳን እየተጠጋ፣ እየተጠጋ መጥቶ ሁዳዴ ላይ ወጣ። ሙዘሚልም ጾመኛ ሆነ። ሠፈሩ በሙሉ አምላኩን ሲፈራ ፎርማጆው ባለቤት አጣ።

የዛሬ አራት ዓመት፣ በዚያው ሰሞን ነው ቤቴል ፓስታ ልትገዛ የገባችው።

«ይቅርታ ጓለይ፣ ትጾሚያለሽ?» አሏት አቶ ዑቕባይ፤ ሴቷን ጓለይ፣ ወንዱን ወደይ ሲሉ በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው።

«እኛ እንኳን ጴንጤ ነን።»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» ብለው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። አንድ ኦርቶዶክስ በዚህ ዜና እንዲህ ሲደሰት ገርጂ አይቶ አያውቅም።

ደንብ ወጣላት። ጾመኛ ፊት የጥፍጥና ወሬ ማውራት ፈተና ስለሆነ ቀማሿ አትናገርም። ቅንድቧን ከፍ ካደረገች ደህና ነው። ከንፈሯን ከመጠጠች ጨው ይጨመር። ዓይኗን ከጨፈነች በዝቷል። ጅሬኛ በቢላ ጫፍ ትንሽ ቆርጦ ይሰጣታል፤ ከዚያ ፊቷን ያያል። ሥራው ነው። የሰው ፊት ማየት ሥራው የሆነ ሰው ምን ያህል ዕድለኛ እንደሆነ ለመረዳት አንድ ሳምንት ፈጀበት። ፎርማጆው አፏ ውስጥ ካለቀ በኋላም ዓይኑን አይነቅልም ነበር። እሷም ቶሎ አትውጥም።

እንዲህ ሆነው ተዋደዱ፤ አንዷ እየበላች፣ አንዱ እየራበው፣ ሁለቱም ዝም ብለው።

ሆሳዕና ሲቃረብ አንድ ጠዋት መጣች፤ ከበርሜሉ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ቀመሰች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ከጨፈነችው ዓይን እንባ ወረደ። ጅሬኛ ደነገጠ።

«ጨው በዛ?» አላት።

ዓይኗን ገልጣ አየችው። ሌላ ጥያቄ የምትጠብቅ ይመስል ቆየች። ከዚያ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እሱ ጀርባውን አዙሮ ፎርማጆዎቹን ከጨው ውሃው እያፈሰ ማውጣት ጀመረ። ሲጨርስ በርጩማዋ ባዶ ነበረች።

ፋሲካ ጠዋት፣ ቅዳሴ ወጥቶ፣ አንዱን ቆርጦ ቀመሰው። ውሃ ውሃ አለው። የሁዳዴው ፎርማጆ በሙሉ ጨው በቅጡ አልጠጣም፤ ብዙም ሳይቆይ ሻገተ፤ ተጣለ።

«ልጅቷ ስታለቅስ ምን ብለህ ጠየቅካት?» አሉት አቶ ዑቕባይ።

«ጨው በዛ ወይ ብዬ።»

ሽማግሌው ከተጣለው አንዱን አንስተው አገላበጡት። «ወደይ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «አንተ የተጫጨኸው ከፎርማጆው ጋር ኖሯል።»

ጅሬኛ ያን ቀን የገደፈበትን ምግብ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። እንደዚያ የመረረው ጨው አልባ ነገር በሕይወቱ የለም።

«ይሄ በግ ነው?» አሉ ዛሬ ወይዘሮ ትግስት፣ የግድግዳውን ሥዕል እያዩ።

«በግ ነው» አሉ አቶ ዑቕባይ።

«ጅራቱስ?»

«የጣሊያን በግ ነው እትዬ። እንዲያው እርስዎ ወይራ እየቀመሱ ይቆዩኝ። ጓለይ፣ ለነገ የሚሆነውን አንቺ ግቢና ምረጪ፤ አሳያት ወደይ።»

ጓዳው ቀዝቃዛ ነው። የጨው ውሃው በርሜሎች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። በርጩማዋ የለችም፤ ቦታዋ ላይ ባዶ የሳልሳ ካርቶን ተቀምጧል።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«ደህና።»

«እማማ ደሪቱስ?»

«አሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አንድ ላም ሸጥን።»

«የቷን?»

«ቦኬን።»

«ውይ፣ ቦኬን!» አለች፤ ቦኬን አይታት አታውቅም፤ ስለ እሷ ግን ብዙ ሰምታለች። ከዚያ ሁለቱም ስለ ላሟ ብለው ዝም አሉ።

«ተካልኝ ጥሩ ሰው ነው» አለች ነገ ሽማግሌ ስለሚልከው ልጅ፣ ለማንም ሳይሆን ለበርሜሉ።

«ይሁና።»

«ምን ማለት ነው ይሁና?»

«መጥፎ ቢሆን ይሻለኝ ነበር ማለት ነው።»

አንዱን ፕሮቮሎኔ በጣቷ መታ መታ አደረገች፤ ዱሮ እሱ እንዳስተማራት፣ ውስጡ ጥቅጥቅ ማለቱን ለመስማት። ጅሬኛ ጣቷን አየ። ቀለበት የለም። ገና ነው። ነገ ነው።

«ቤቲ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«አራት ዓመት ቆይተህ?»

«አራት ዓመት ቆይቼ። ያን ቀን... ምን ሆነሽ ነበር ያለቀስሽው?»

እጇ ፎርማጆው ላይ ቀረ። ስትናገር ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

«አሁን ነው የምትጠይቀኝ?»

«ጨው አልበዛም ነበር።»

«አልበዛም።»

«በፋሲካ ስቀምሰው ገባኝ። ያን ቀን ያየሁት ፊት ስለ ሌላ ነገር እንደሆነ ገባኝ። ግን ሄደሻል።»

«አባቴ በዋዜማው ማታ ‹ሐዋሳ አክስትሽ ጋ ሥራ ተገኝቶልሻል› አለኝ። አንድ የኳየር ልጅ ‹ቤቴል ግሮሰሪ ትውላለች› ብላ ነግራቸው። ግሮሰሪ! መጠጥ የጀመርኩ መስሏቸው ነው። ፎርማጆ ነው ብል ማን ይሰማኛል? ጠዋት እዚህ የመጣሁት ለቅምሻ አልነበረም ጅሬኛ። ‹ምን ሆንሽ› እንድትለኝ ነው የመጣሁት። ‹ምን ሆንሽ›፤ በቃ! ብትለኝ አልሄድም ነበር። አባቴ ፊት ቆሜ እምቢ እል ነበር። አንተ ግን ‹ጨው በዛ?› አልከኝ!»

«ሥራዬ ነበር።»

«ሥራህ ፊቴን ማንበብ ነበር!»

«ሳነበው ከርሜ ነበር እኮ። የምትስቂውን አውቃለሁ፤ የምትደብቂውን አውቃለሁ፤ ጠዋት ሻይ ጠጥተሽ መምጣትሽን ሳይቀር አውቅ ነበር። አንዷን ቀን ብቻ ሳትኩ። አንዷን!»

«እና ለምን አልፈለግከኝም?»

«ስልክሽ አይሠራም። በራችሁ ድረስ መጣሁ፤ ዘበኛው ሐዋሳ ነች አለኝ። ሐዋሳ ሄድኩ።»

ቀና ብላ አየችው። «ሐዋሳ መጥተሃል?»

«መጥቻለሁ።»

«የት?»

«እሱን ነው የማላውቀው። ሐዋሳ ትልቅ ከተማ መሆኗን ያወቅሁት ከአውቶቡስ ከወረድኩ በኋላ ነው። ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ዋልኩ። አንቺም ሐይቅ ማየት ትወጃለሽ ብዬ፤ ታልፊ ይሆናል ብዬ። አንድ አባኮዳ፣ ያ ራሰ በራው ትልቅ ወፍ፣ አጠገቤ ቆሞ አብሮኝ ዋለ።»

ሳቀች። እንደዚያ ትስቃለች ብሎ እሱም አልጠበቀም፤ እሷም አልጠበቀችም። ከሆዷ የወጣ፣ ጓዳውን ሞልቶ ወደ ውጭ የተረፈ ሳቅ ነበር። በሳቁ መሃል እንባዋ መጣ፤ በመዳፏ ልትይዘው ሞከረች፣ አልሆነላትም።

ጅሬኛ አንድ እርምጃ ቀረበ። አልነካትም።

«አሁንስ ምን ሆነሽ ነው?» አላት።

«ነገ ሽማግሌ ይመጣል» አለች፤ «እኔ ደግሞ እንዲመጣ አልፈልግም።»

«እኔ ማተቤን አልበጥስም ቤቲ። ከአሁኑ ልንገርሽ።»

«ማን በጥስ አለህ? እሱን የሚልህ አባቴ ነው።»

«እናቴ ደግሞ ‹ካልተጠመቀች› ይላሉ።»

«እና?»

«እና ሁለቱም ይበሉ» አለ። ደረቱ ውስጥ አራት ዓመት ተቋጥሮ የኖረ ነገር ሲፈታ ተሰማው፤ ሲፈታ ያማል፤ ያው ቢያምም መፈታቱን ግን አልጠላውም።

ከጓዳ ሲወጡ ወይዘሮ ትግስት የወይራ ፍሬ በመሐረብ ላይ እየደረደሩ ነበር።

«መረጥሽ?»

«ማሚ፣ ትዕዛዙ ይቅር።»

«ይቅር ማለት?»

«ሽማግሌዎቹ አይምጡ። ተካልኝን እኔ ራሴ አናግረዋለሁ። ዛሬውኑ። በሰው አልልክበትም።»

አቶ ዑቕባይ ወሬውን በደንብ ለመስማት የሥጋ መቁረጫውን ማሽን አጠፉት። ለነገሩ አልበራም ነበር።

ወይዘሮ ትግስት ቀስ ብለው የሳላሜው ፍሪጅ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ውሃ ስጡኝ» አሉ። ጅሬኛ በሩጫ አመጣ። ጠጥተው ብርጭቆውን ይዘው ቆዩ። ቤቴል የእናቷን ትከሻ እያየች ጩኸቱን ጠበቀች። ጩኸት አልመጣም።

«ቦሌ ፎርማጆ የሚሸጥ ሱፐርማርኬት ሞልቷል» አሉ። «የመኪና ማቆሚያ ያለው። እዚህ ጭቃ ውስጥ ለምን ያመጣሁሽ ይመስልሻል?»

«የተካልኝ አባት ሮም ስለተማሩ...»

«የተካልኝ አባት ሮም የተማሩት ስለ በሽተኛ ከብት ነው! ከሽሮ ሌላ አይበሉም።»

አቶ ዑቕባይን ሳል አፈናቸው።

«ሐዋሳ የላክነው አንቺን ነው፤ የተመለሰችልን ሌላ ልጅ ናት» አሉ ወይዘሮ ትግስት፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ትሠራለች፣ ትዘምራለች፣ ሰው ስታስተናግድ ፈገግ ትላለች። ድሮ ቤት ውስጥ ስትስቂ ከመንገድ ይሰማ ነበር፤ አባትሽ ‹በሩን ዝጉ› ይል ነበር። ከዚያ በኋላ በሩን የሚያዘጋ ነገር አጣን። ነገ እግዚአብሔር ፊት አዎ ልትይ ነው። በውሸት አዎ እንድትይ አልፈልግም። የፎርማጆ ቤቱ ልጅ በራችን ድረስ መጥቶ እንደጠየቀሽ ዘበኛው ያን ጊዜ ነግሮኛል፤ ነገሩ አልቆ እንደሆነ በዓይኔ ልይ ብዬ ነው ያመጣሁሽ።»

«እና?»

«በዓይኔ ማየት ምን አስፈለገኝ? ከጓዳ ስትስቂ ሰማሁ።»

ቤቴል እናቷ እግር ሥር ቁጭ አለችና ፊቷን ጉልበታቸው ላይ ቀበረች። ወይዘሮ ትግስት በወይራ የወዛ እጃቸውን ፀጉሯ ላይ ማሳረፍ ፈልገው፣ ዘይቱን አስበው አየር ላይ አቆዩት፤ በኋላ ግን አሳረፉት።

«አንተስ?» አሉ ድንገት፣ ጅሬኛን።

«እኔ ምን እትዬ?»

«እኔ ምን ይላል ደግሞ! አባቷ ፊት ብቻዋን ልትቆም ነው? አሁን ጉርድ ሾላ ሕንፃው ላይ ነው፤ ቅዳሜ ተከራይ ያነጋግራል።»

ጅሬኛ አቶ ዑቕባይን አየ።

«ሂድ እንጂ ወደይ!» አሉት። «ወተቱን እኔ አያለሁ። ወተት የሚጠብቅ ሞልቷል።»

መኪናዋን የሚነዱት ወይዘሮ ትግስት ናቸው። ጅሬኛ ከነሽርጡ ከኋላ ገባ፤ እንዳላወለቀ የታወቀው መኪናው ወተት ወተት ሲሸት ነው። ወይዘሮ ትግስት ምንም ሳይሉ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። ቤቴል ከፊት መቀመጥ ሲገባት ከኋላ ገብታለች።

«እትዬ፣ ጋሼ ምን ይሉ ይሆን?»

«መጀመሪያ ይጮሃል። ከዚያ ይጸልያል። ከጸለየ በኋላ ነው ሰው የሚሰማው። መሃል ላይ እንዳትገባበት።»

«ጸሎቱ ይረዝማል?»

«እንደ ጉዳዩ ነው። የአንተ ይረዝማል።»

ጅሬኛ ሽርጡን ፈትቶ ጉልበቱ ላይ አጣጠፈው። ሰውየው እምቢ ሊሉ ይችላሉ፤ እማማ ደሪቱም ሊያለቅሱ ይችላሉ፤ ተካልኝም ጥሩ ሰው ሆኖ ምንም ሳያጠፋ ዛሬ ይጎዳል። ይሄ ሁሉ መንገዱ ጫፍ ላይ ቆሞ እየጠበቃቸው ነው። ኮንዶሚኒየሞቹ በመስኮቱ በኩል አንድ በአንድ ወደ ኋላ ቀሩ።

«አያቴ ገብስ የሚዘሩት እዚህ ጋ ነበር» አለ። ለምን አሁን እንዳለው አያውቅም።

«የቱ ጋ?»

በጣቱ አሳያት። ሰማያዊ በረንዳ ላይ ልብስ ተሰጥቷል፤ ሥሩ ባጃጅ ቆሟል። ቤቴል በኋላ መስታወት በኩል ዞራ፣ ማሳው እስኪታያት ድረስ ይመስል፣ መኪናው እስኪታጠፍ አየች። አንድም ቀን ያላየችው ገብስ ናፈቃት።

ፊቷን ስትመልስ ወደ እሱ ጠጋ ብላ ተቀመጠች። አባቷ ቢሮ በር ላይ የምትለው የመጀመሪያ ቃል ገና አልመጣላትም። ፈርታለች። እንዲህ ደስ ብሏት ግን ፈርታ አታውቅም።